የጌም ቦይ ካሜራ ፎቶዎችን የምታድን ትንሽ ሣጥን፦ ከገመዱ እስከ ክዳኑ

ጌም ቦይ በተባለው የኒንቴንዶ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ላይ የሚሰካው የጌም ቦይ ካሜራ ያነሣቸው ፎቶዎች የሚኖሩት በራሱ በካሜራው ካሴት ውስጥ ነው። ካሴቱ 30 ፎቶ ይይዛል፤ እነዚያን 30 ፎቶዎች በሕይወት የሚያቆያቸው ደግሞ በውስጡ የተበየደ አንድ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው። ባትሪው ያለቀ ቀን ፎቶዎቹም አብረው ይጠፋሉ። ኒንቴንዶ ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ አብሮት ፕሪንተር አቅርቦ ነበር፤ ስድስት ባትሪ የሚፈልግ፣ በጠባብ ጥቅልል ላይ በሙቀት የሚያትም። የዚህ ዓይነት ወረቀት ግን ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የልጅነት ፎቶ በካሴቱ ውስጥ ያለው ሰው ጊዜ የለውም፤ ዛሬውኑ ማውጣት አለበት።

ይህ መመሪያ የሚያሠራው የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ከጌም ቦዩ የገመድ ሶኬት ጋር የምትገናኝ ሣጥን ነው። ሣጥኗ ራሷን እንደ ፕሪንተር ታቀርባለች። ጌም ቦዩ ወረቀት ላይ የሚያትም መስሎት ፎቶውን ይልካል፤ እርሷ ተቀብላ በውስጧ ታስቀምጠዋለች፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ ፎቶዎቹ እንደ ማንኛውም ፋይል ይነበባሉ። ካሴቱን መክፈት የለም፣ ጌም ቦዩን መብሳት የለም።

ከመጀመሪያው እንዲያዝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ጊዜውን የሚወስነው ጌም ቦዩ ነው። እርሱ ሲጠይቅ ሣጥኗ ወዲያው መመለስ አለባት፤ የእርሷ ሌላ ሥራ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የቺፑ ምርጫ፣ የኮዱ አደረጃጀት፣ ፎቶው የሚቀመጥበት ሰዓት፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ሐሳብ ይወጣል። እኔ ይህን ሳልረዳ ጀምሬ ብዙ ምሽት አቃጥያለሁ፤ ታሪኩን በቦታው እናገራለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው ዕቃ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ትንሽ ቦርድ ነው። ርዝመቱ 51፣ ወርዱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ ያለው አርፒ 2040 የተባለው ቺፕ 264 ኪሎ ባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ አለው፤ ከጎኑ 2 ሜጋ ባይት ፍላሽ፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥም ይዘቱ የማይጠፋ ማስቀመጫ፣ ተቀምጧል። ፒኖቹ ያልተበየዱበትን ይምረጡ፤ ጀርባው ጠፍጣፋ መሆኑ ሣጥኑን ስናሳንስ ይጠቅመናል። ከዚህ ሌላ ቢኤስኤስ 138 በተባሉ ሞስፌቶች (ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የተሠራ ባለ አራት መስመር የቮልቴጅ ማዛመጃ ሞጁል፣ ሦስት ባለ 330 ኦም ሬዚስተሮች፣ አንድ ትንሽ የመጫኛ ቁልፍ፣ እና ለጌም ቦይዎ ሞዴል የሚሆን የማገናኛ ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱን ስለምንቆርጠው ከዋናው ፋብሪካ የወጣውን አይሠዉ፤ በኋላ በሌሎች የተሠራ ርካሽ ገመድ ይበቃል። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ሶኬት ከኋለኞቹ ከፖኬት እና ከከለር ይበልጣል፤ ምልክቶቹ አንድ ቢሆኑም ሶኬቱ ስለማይገጥም ሲገዙ ያስተውሉ።

ከመሣሪያ በኩል መበየጃ ካውያ ከቀጭን የብየዳ እርሳስ ጋር፣ መልቲሜትር፣ ያለ ብየዳ መሞከሪያ የሆነው ብሬድቦርድ እና ትንንሽ ልክ የሚለካበት ካሊፐር ይበቃሉ።

ደረጃ 1፦ ንግግሩን በወረቀት ላይ መረዳት

ካውያውን ከማሞቅዎ በፊት አንድ ሰዓት ለዚህ ይስጡ። የጌም ቦይ ሶኬት ስድስት ፒኖች አሉት። 1ኛው የ5 ቮልት ኃይል ነው። 2ኛው ከጌም ቦዩ መረጃ የሚወጣበት፣ 3ኛው ወደ ጌም ቦዩ መረጃ የሚገባበት ነው። 4ኛውን አንጠቀምበትም። 5ኛው የመረጃውን ጊዜ የሚመራው የሰዓት ምት፣ 6ኛው ግራውንድ፣ ማለትም የጋራው የዜሮ ቮልት መስመር ነው። እኛ የምንፈልገው 2፣ 3፣ 5 እና 6 ብቻ ነው።

ምቱን የሚሰጠው ጌም ቦዩ ነው፤ በሰከንድ 8,192 ጊዜ። አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ 0 ወይም 1፣ 122 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ስምንት ቢት ያለው አንድ ባይት ደግሞ አንድ ሚሊ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልፋል። መስመሩ ሥራ በሌለበት ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያል። ምቱ ሲወርድ ሁለቱም ወገኖች ቀጣዩን ቢት ያወጣሉ፤ ምቱ ሲወጣ ሁለቱም ያነባሉ። ከባይቱ ውስጥ በመጀመሪያ የሚላከው ትልቁ ቢት ነው። ልብ ይበሉ፤ መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ ናቸው። ጌም ቦዩ አንድ ባይት ሲልክ በዚያው ቅጽበት ከእኛ አንድ ባይት ይወስዳል፤ ቆይ ማለት አይቻልም።

መልእክቶቹ በጥቅል በጥቅል ይመጣሉ። እያንዳንዱ ጥቅል በ136 እና በ51 ይጀምራል። ቀጥሎ የትእዛዙ ቁጥር፣ ከዚያ መረጃው መጨመቁን የሚናገር ባይት፣ ከዚያ የመረጃው ርዝመት በሁለት ባይት፣ ከዚያ መረጃው ራሱ፣ ከዚያ የማረጋገጫ ድምር በሁለት ባይት ይመጣል። በርዝመቱም ሆነ በድምሩ ትንሹ ባይት ይቀድማል፤ 640 ባይት የሚል ርዝመት 128 ከዚያም 2 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ድምሩ ከትእዛዙ ጀምሮ እስከ መረጃው መጨረሻ ያሉትን ባይቶች ሁሉ የደመረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 136 እና 51 አይደመሩም። በመጨረሻ ጌም ቦዩ ሁለት ዜሮዎች ይልካል። እነዚህ ዜሮዎች ለእኛ የተተዉ ሁለት ክፍት ቦታዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ላይ 129 ብለን አለሁ እንላለን፤ በሁለተኛው ላይ ያለንበትን ሁኔታ እንነግረዋለን። በቀሩት ባይቶች ሁሉ የእኛ መልስ ዜሮ ነው።

የሚያስፈልጉን ትእዛዞች አራት ናቸው፦ 1 ጀምር፣ 4 መረጃ ተቀበል፣ 2 አትም፣ 15 ሁኔታህን ንገረኝ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ጠባብ ቋንቋ መሆኑ ሥራውን ለአንድ ሰው የሚቻል ያደርገዋል።

ደረጃ 2፦ ገመዱን መቁረጥና ማወቅ

ገመዱን ከሶኬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትተው ይቁረጡ። ከዚያ በላይ ማስረዘም እጅ ላይ እየተንጠለጠለ ያስቸግራል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል ነው። የሽቦዎቹን ቀለም አይመኑ። ቀይ ኃይል፣ ጥቁር ግራውንድ ይሆናል ብሎ መገመት በእነዚህ ገመዶች ላይ ዋጋ የለውም፤ አምራቾቹ ያሻቸውን ቀለም ያደርጋሉ። ብዙዎቹም የኃይሉን ሽቦ ጨርሰው አያስገቡም። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በቀጭን መርፌ አድርገው ሶኬቱ ውስጥ ካለው ፒን ጋር፣ ሌላውን ከተላጠው ሽቦ ጋር ያገናኙና የድምፅ ምልክቱን እየሰሙ አንድ በአንድ ይመዝግቡ። ሥዕል ሲመለከቱ ሥዕሉ የገመዱን መሰኪያ ከፊት ይሁን ወይስ የጌም ቦዩን ሶኬት የሚያሳይ በመጀመሪያ ያረጋግጡ፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ሌላው የሚያሳስተው ነገር ደግሞ ገመዱ በሁለቱ ጫፎች መካከል መረጃ መውጫውንና መግቢያውን የሚያቀያይር መሆኑ ነው። እኛ ግን ቆርጠነዋልና መመዝገብ ያለብን በያዝነው ጫፍ ላይ ያለውን ፒን ብቻ ነው።

ከመዘገቡ በኋላ ገመዱን ሰክተው ጌም ቦዩን ያብሩ። በግራውንዱና በምቱ ሽቦ መካከል ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ከታየ ሁለቱን በትክክል አውቀዋቸዋል። ጌም ቦዩን ያጥፉና የእያንዳንዱን ሽቦ ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይለጥፉበት። የኃይሉ ሽቦ ካለ ጫፉን በመሸፈኛ ለብቻው ይዝጉት። ሣጥኗን ከዚያ መመገብ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርም። የዕድሜ ባለጸጋ በሆነ መሣሪያ ኃይል ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ለምን? ሣጥኗ ከዩኤስቢ ትመገብ።

ደረጃ 3፦ 5 ቮልትና 3.3 ቮልትን ማስታረቅ

ጌም ቦዩ በ5 ቮልት ይናገራል፤ ፒኮ በ3.3 ቮልት። ቀጥታ ማገናኘት ፒኮን ለጉዳት ያጋልጣል፤ በተቃራኒው ደግሞ ከፒኮ የሚወጣው 3.3 ቮልት ለጌም ቦዩ ከፍ ያለ ሆኖ ለመነበብ ዳር ላይ ነው። በአንዱ መሣሪያ ይሠራል፣ በሌላው ያንገራግራል። ማዛመጃው ሞጁል ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ያቃልላል።

የሞጁሉን ዝቅተኛ ወገን ከፒኮ 3.3 ቮልት ፒን፣ ከፍተኛውን ወገን ከዩኤስቢ የሚመጣውን 5 ቮልት ከሚሰጠው ፒን ጋር ያገናኙ፤ ግራውንዶቹን ሁሉ አንድ ላይ ያድርጉ። በከፍተኛው ወገን የገመዱን ሦስት ሽቦዎች እያንዳንዳቸውን በአንድ ባለ 330 ኦም ሬዚስተር በኩል ያስገቡ። በዝቅተኛው ወገን ምቱን ጂፒ 2 ከተባለው የፒኮ ፒን፣ ከጌም ቦዩ የሚወጣውን መረጃ ከጂፒ 3፣ ወደ ጌም ቦዩ የሚሄደውን ከጂፒ 4 ጋር ያያይዙ። የመጫኛ ቁልፉ ከጂፒ 5 ወደ ግራውንድ ይሄዳል።

ሬዚስተሮቹን ብዙ ሰው ትርፍ አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ግን ያለ እነርሱ አልሰካም። ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች በስሕተት ቢቀያየሩ ሁለት መውጫዎች ይጋጠማሉ፤ አንዱ 5 ቮልት ሲያወጣ ሌላው ወደ ዜሮ ሲስብ በመካከላቸው የሚያልፈውን ጅረት ሬዚስተሩ በ15 ሚሊ አምፔር ገደማ ይገድበዋል። የጌም ቦዩን ሰሌዳ ኒንቴንዶ ዛሬ አያመርትም፤ ለሦስት ሬዚስተር መሰሰት አይገባም።

ሁሉንም በብሬድቦርድ ላይ ይሥሩ። ገመዱን የሚሰኩትም የሚነቅሉትም ሁለቱም መሣሪያዎች ጠፍተው ሳለ ይሁን።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ማዳመጥ

የፒኮን ኮድ በሲ ቋንቋ፣ አርዱዊኖ በተባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ መጻፍ ይቀላል። ማይክሮፓይተን የተባለውን ሌላ የኮድ ቋንቋ ብወደውም ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፤ ማኅደረ ትውስታውን ለማጽዳት በራሱ ጊዜ ስለሚቆም፣ ከላይ እንዳልኩት ጊዜው የእኛ አይደለም።

አርፒ 2040 ውስጥ ፒአይኦ የሚባሉ፣ ከዋናው አንጎል ተለይተው የሚሠሩ ትንንሽ ማሽኖች አሉ። ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የሚሰጣቸው ፕሮግራም አራት መስመር ነው፦ ምቱ እስኪወርድ ጠብቅ፤ አንድ ቢት አውጣ፤ ምቱ እስኪወጣ ጠብቅ፤ አንድ ቢት አንብብ። ስምንት ቢት ሲሞላ ያነበበውን በራሱ እንዲያስረክብና ቀጣዩን ለመላክ እንዲወስድ ይደረጋል። ዋናው ኮድ የሚያየው የተጠናቀቁ ባይቶችን ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ላይ ይጠንቀቁ። ቢቶቹ ከትልቁ ጀምረው ስለሚወጡና የማሽኑ መያዣ 32 ቢት ስለሆነ፣ የሚልኩትን ባይት በ24 ቢት ወደ ግራ ገፍተው ማስቀመጥ አለብዎት፤ አለዚያ ጌም ቦዩ ዜሮ ብቻ ይቀበላል። ሁለተኛው፣ ማሽኑ የሚልከው ካጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚያ መካከል ምት ያመልጠዋል። መድኃኒቱ ቀላል ደንብ ነው፦ ሲጀመር አንድ ዜሮ ያስቀምጡ፣ ከዚያም አንድ ባይት ባነበቡ ቁጥር አንድ ባይት ያስገቡ። አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ።

አሁን የሚመጡትን ባይቶች ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ብቻ የሚጽፍ ኮድ ይጫኑ። በጌም ቦዩ ላይ ካሜራውን ከፍተው አንድ ፎቶ እንዲያትም ይዘዙት። መልስ ስላላገኘ ስሕተት አለ ብሎ ይቆማል፤ ግን ከመቆሙ በፊት የላከው በመስኮቱ ላይ ይታያል። የመክፈቻው ጥቅል አሥር ባይት ነው፦ 136፣ 51፣ 1፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 0። እነዚህን ቁጥሮች በትክክል ካዩ ሽቦው፣ ማዛመጃው፣ የምቱ አቅጣጫ፣ የቢቶቹ ቅደም ተከተል ሁሉም ልክ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከፎቶው መድረስ ይልቅ ይህች ቅጽበት እኔን ይበልጥ አስደስታኛለች።

ሌላ ቁጥር ካዩ ቁጥሩ ራሱ በሽታውን ይናገራል። በ136 እና በ51 ፈንታ 16 እና 102 ከመጡ የመጀመሪያዋ ቢት አምልጣለች። 68 ወይም 196 ከዚያም 25 ከመጡ አንድ ትርፍ ቢት ገብታለች፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጌም ቦዩ ሲበራ መስመሩ ላይ በሚፈጠር መንቀጥቀጥ ይመጣል። ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም 255 ከሆነ ሁለቱን የመረጃ ሽቦዎች አቀያይረው ይሆናል። ለቢት መንሸራተቱ ዘላቂው መፍትሔ ይህ ነው፦ መስመሩ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ዝም ካለ ማሽኑን እንደገና ያስጀምሩት፣ መያዣዎቹን ያጽዱ፣ አንድ ዜሮ ያስቀምጡ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ባሉ ባይቶች መካከል ይህን ያህል ዝምታ ስለማይኖር ጤናማ ንግግር አይቋረጥም።

ደረጃ 5፦ መመለስ

አሁን ኮዱ ጥቅሉን እየቆጠረ ይከተል። 136 ቀጥሎም 51 ሲመጣ ጥቅል ተጀመረ፤ ትእዛዙን፣ ርዝመቱን፣ መረጃውን በየተራ ይቀበላል፤ የድምሩ ሁለተኛ ባይት ሲደርስ ለቀጣዩ ቦታ 129 ያስገባል፤ ከዚያ የሁኔታውን ባይት።

የሁኔታው ባይት እያንዳንዷ ቢት ትርጉም አላት። 1 ድምሩ አልገጠመም ማለት ነው፤ 2 እያተምኩ ነው፤ 4 ምስሉ ሞልቶልኛል፤ 8 ያልታተመ መረጃ ይዣለሁ። ከፍተኞቹ ቢቶች የወረቀት መታነቅንና የባትሪ መድከምን የመሳሰሉ ችግሮች ናቸው፤ ሣጥኗ ወረቀት ስለሌላት ሁልጊዜ ዜሮ ይሁኑ። ከመክፈቻው በኋላ 0፣ መረጃ ከተቀበሉ በኋላ 8 ይመልሱ። የኅትመት ትእዛዝ ከመጣ በኋላ ጌም ቦዩ በ15 ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ለጥቂት ጥያቄዎች 6 ይበሉት፣ ከዚያ 4፣ በመጨረሻ 0። ወዲያው 0 ቢሉት ኅትመቱ መጀመሩን ስላላየ ግራ ሊጋባ ይችላል። እውነተኛው ፕሪንተር ጊዜ ይወስድ ነበርና ሣጥኗም ያንኑ ታስመስል።

ድምሩ ካልገጠመ ሳያመነቱ 1 ይመልሱ። የተበላሸ ፎቶ ከመያዝ ጌም ቦዩ ስሕተት ቢያሳይ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ባይቶቹን ፎቶ ማድረግ

ሙሉ የመረጃ ጥቅል 640 ባይት ነው፤ ይህ 160 ፒክስል ወርድና 16 ፒክስል ቁመት ያለው አንድ ሰቅ ይሆናል። የካሜራው ፎቶ ራሱ 128 በ112 ነው፤ ከጌጥ ክፈፉ ጋር ግን 160 በ144 ሆኖ በዘጠኝ ሰቆች ይመጣል። አጠቃላዩ 5,760 ባይት ነው። ከዘጠኙ በኋላ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ አንድ የመረጃ ጥቅል ይከተላል፤ መረጃው አለቀ ማለቱ ነው።

እያንዳንዱ ሰቅ 8 በ8 በሆኑ 40 ንጣፎች የተከፈለ ነው፤ በላይ 20፣ በታች 20። አንድ ንጣፍ 16 ባይት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት። የመጀመሪያው ባይት የፒክስሎቹን ትንሽ ቢት፣ ሁለተኛው ትልቁን ቢት ይሰጣል። በምሳሌ እንየው። አንድ ረድፍ 60 እና 126 ሆኖ መጣ እንበል። 60 በቢት ሲጻፍ 00111100 ነው፤ 126 ደግሞ 01111110። አንዱን ከሌላው በታች ያስቀምጡና ወደ ታች ያንብቡ፤ የላይኛው 1 ዋጋ፣ የታችኛው 2 ዋጋ አለው። ውጤቱ 0፣ 2፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 0 ይሆናል። 0 ነጭ፣ 3 ጥቁር፣ 1 እና 2 በመካከል ያሉት ግራጫዎች ናቸው። ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መካከሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ አንድ መስመር አገኘን ማለት ነው።

የኅትመቱ ትእዛዝ አራት ባይት ይዞ ይመጣል፦ የቅጂ ብዛት፣ የወረቀት ኅዳግ፣ የቀለም ቅደም ተከተል፣ የጥቁረት መጠን። የቀለሙ ባይት 228 ከሆነ ከላይ የተናገርኩት ቅደም ተከተል እንዳለ ነው። ኅዳጉን ልብ ይበሉ፤ ታችኛዎቹ አራት ቢቶች ከፎቶው በኋላ የሚለቀቀውን ባዶ ወረቀት ይነግራሉ። ዜሮ ከሆኑ ሥዕሉ አላለቀም፣ ቀጣዩ ከሥሩ ይቀጥላል። ስለዚህ ፋይሉን የሚዘጉት ይህ ቁጥር ከዜሮ በላይ ሲሆን ነው።

አንዳንድ ጨዋታዎች መረጃቸውን ጨምቀው ይልካሉ። የመጨመቂያው ደንብ አጭር ነው፤ መሪው ባይት ከ128 በታች ከሆነ በእርሱ ላይ 1 ደምረው ያን ያህል ቀጣይ ባይቶችን እንዳሉ ይቅዱ፤ 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 128 ቀንሰው 2 ደምረው ቀጣዩን አንድ ባይት ያን ያህል ጊዜ ይድገሙ።

ደረጃ 7፦ ማስቀመጥ፣ ግን በጊዜው

ምሽቶቼን የበላው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ሣጥኔ እያንዳንዱ ሰቅ እንደደረሰ ወዲያው ፍላሹ ላይ ትጽፍ ነበር። ፎቶዎቹ ይመጣሉ፤ ግን አንዳንዴ ግንባር ላይ፣ አንዳንዴ አገጭ ላይ አንድ ሰቅ ይጎድላል። አንዳንዴም ጌም ቦዩ በመካከል ስሕተት ብሎ ይቆማል። ሽቦውን ደግሜ በየድኩ፣ ገመዱን አሳጠርኩ፣ ማዛመጃውን ቀየርኩ። ችግሩ ግን ከሽቦው አልነበረም። አርፒ 2040 ፕሮግራሙን የሚያነበው ከዚያው ፍላሽ ነው፤ ፍላሹ ሲጠፋና ሲጻፍ ፕሮግራሙ ከእርሱ ማንበብ አይችልምና ቆሞ ይጠብቃል። አንዱን 4,096 ባይት ክፍል ለማጥፋት ብቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊ ሰከንዶች ይሄዳሉ። በዚያ መካከል ጌም ቦዩ ብዙ ባይት ልኮ፣ መልስ አጥቶ ነበር።

መፍትሔው ምንም አዲስ ዕቃ አልጠየቀም። ሙሉው ፎቶ 5,760 ባይት ነው፤ የሥራው ማኅደረ ትውስታ 264 ኪሎ ባይት። ፎቶውን ሙሉ በሙሉ እዚያ ይያዙት። ኅትመቱ አልቆ 0 ከመለሱና መስመሩ ለአንድ ሰከንድ ጸጥ ካለ በኋላ ብቻ ወደ ፍላሹ ይጻፉት። በመጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ጽሕፈቱ። ይህን ካደረግኩ ወዲህ አንድም ሰቅ አልጎደለብኝም።

ለፋይሉ ዓይነት ቢትማፕ፣ ማለትም ፒክስሎቹን በተራ የሚያስቀምጠው ቀላል የምስል ፋይል፣ በቂ ነው። ለአንድ ፒክስል አራት ቢት ከመደቡ ራስጌውን ጨምሮ 11,638 ባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ረድፍ 80 ባይት ስለሆነ በአራት ይካፈላል፣ መሙያ አያስፈልገውም። ረድፎቹ ከታች ወደ ላይ እንደሚጻፉ አይርሱ፤ አለዚያ ፎቶው ተዘቅዝቆ ይወጣል። ከፍላሹ 1 ሜጋ ባይቱን ለፎቶ ቢለዩ ከ80 በላይ ፎቶ ይይዛል፤ የሁለት ካሴት ሙሉ ይዘት እንኳን ይበቃዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኮዱም ኮምፒውተሩም በአንድ ጊዜ አንዱን የፋይል ክፍል ሊጽፉ ከሞከሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሣጥኗ ሁለት ጠባይ ይኑራት። ቁልፉን ሳይጫኑ ከሰኳት ፕሪንተር ትሆናለች። ቁልፉን ተጭነው ከሰኳት እንደ ፍላሽ ዲስክ ትከፈታለች፤ ጌም ቦዩን አትሰማም።

ደረጃ 8፦ ቀፎው

ሣጥኑን በሶፍትዌር ከመሣልዎ በፊት በወፍራም ካርቶን ይሥሩት። ጌም ቦዩን ይያዙ፣ ይሰኩት፣ እንደሚጫወት ሰው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ሶኬቱ በቀኝ ጎኑ ነው፤ ገመዱ ከቀኝ እጅ መዳፍ ሥር ያልፋል። እኔ በካርቶኑ ነው ገመዱና ዩኤስቢው በሣጥኑ ተቃራኒ ጫፎች መሆን እንዳለባቸው የተረዳሁት፤ በአንድ በኩል ሲሆኑ ሁለቱ ገመዶች ይጠላለፋሉ።

ማዛመጃውን ሞጁል በፒኮ ጀርባ ላይ በወፍራም ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ይለጥፉት፤ በመካከላቸው ባዶ ብየዳ እንዳይነካካ ሙቀት የሚችል የማያስተላልፍ ቴፕ ያስገቡ። ሽቦዎቹን አጭርና ቀጭን ያድርጓቸው። ሬዚስተሮቹን በሽቦዎቹ መካከል በይደው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኗቸው። ከዚያ ሁሉንም በካሊፐር ይለኩ፤ የሞጁሎች መጠን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሌላ ሰው ልክ አይዋሱ። የዩኤስቢው አፍ ከፒኮ ጠርዝ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ይህንን የረሳ ሰው ቀፎው አይዘጋለትም።

በሥሪዲ ፕሪንተር የሚያትሙ ከሆነ ግድግዳው 1.6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጎን 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ከፒኮ አምፖል በላይ ያለውን ክዳን ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ካሳሱትና ነጭ ፕላስቲክ ከተጠቀሙ ብርሃኑ ያለ ቀዳዳ ዘልቆ ይታያል። አምፖሏም ትናገር፦ ስትጠብቅ ትብራ፣ ስትቀበል ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትበል፣ ስትጽፍ በዝግታ። በዝግታ በምትበራበት ጊዜ ማንም ገመዱን እንዳይነቅል።

ገመዱ የሚገባበት ቦታ ሣጥኗ ቶሎ የምትሞትበት ቦታ ነው። ብየዳው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ በጥቂት ሳምንት ይበጠሳል። ገመዱን ከውስጥ በኩል በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው ይሰሩትና ማሰሪያው ቀዳዳውን እንዳያልፍ ያድርጉ፤ ሲጎተት ኃይሉ በግድግዳው ላይ ያርፋል። ክዳኑን በማጣበቂያ አይዝጉት፤ ፒኮ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች የሚያልፉ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ይበቃሉ። አንድ ቀን መክፈት ያስፈልጋል።

ባትሪ በውስጧ አላስገባሁም። በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚያፈስ ባትሪ የሌላት ሣጥን ረጅም ዕድሜ አላት። ከቤት ውጭ ለመጠቀም ስልክ በማስተላለፊያ ገመድ ይመግባታል። አንዳንድ ፓወር ባንኮች ግን የሚወሰደው ጅረት በጣም ትንሽ ሲሆን ምንም አልተሰካም ብለው ይጠፋሉ፤ ሣጥኗ የምትወስደው ትንሽ ስለሆነ ይህ ካጋጠመዎት ጥፋቱ የሣጥኗ አይደለም።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ማዳን

ለጌም ቦዩ አዲስ ባትሪ ያስገቡ፤ በመካከል ቢጠፋ ፎቶው ካሴቱ ውስጥ ይኖራል፣ ግን እንደገና መላክ ነው። ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ገመዱን ይሰኩ፤ ሣጥኗን ከዩኤስቢ ጋር ያገናኙ፤ ጌም ቦዩን ያብሩ። በመጀመሪያ አንድ ፎቶ ብቻ ይላኩ። የአንዱ ሙሉ ጥቅል 650 ባይት ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ዘጠኙ ቢያንስ ስድስት ሰከንድ ገደማ። አምፖሏ በዝግታ በርታ እስክትረጋጋ ይጠብቁ። ከዚያ ጌም ቦዩን አጥፍተው ሣጥኗን ይንቀሉ፣ ቁልፉን ተጭነው ኮምፒውተር ላይ ይሰኩ፣ ፋይሉን ይክፈቱ። ፎቶው በጣም ትንሽ ሆኖ ይታያል። ሲያሳድጉት በአራት ወይም በስምንት እጥፍ፣ ሳያለሰልሱ ያሳድጉት፤ ፒክስሎቹ ጠርዛቸው ስል ሆኖ ሲቀር ነው መልኩ የሚታወቀው።

ቀሪዎቹን በአምስት በአምስት ልከው በየመካከሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። 30ዎቹም ወጥተው፣ አንድ በአንድ ተከፍተው ታይተው፣ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ካላቸው በኋላ፣ ያኔ ካሴቱን ከፍተው ያረጀውን ባትሪ መቀየር ይችላሉ።